መንፈሳዊ ልብ ወለድ እምነት ያጠነክራል ወይስ ያደናግራል?

የሳምንቱ ጥያቄ፦ ገዳማትን፣ ስለትን፣ ምስጢራዊ ብራናዎችን የሚያነሱ ልብ ወለዶች ለእምነታችን ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ? በግልጽ እንነጋገር።

ዲያቆኑ፦ እኔ ይጎዳሉ ባይ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች ገድሉና ልብ ወለዱ ተምታቶባቸዋል። አንዱ ስለ ጣና ገዳማት የሚያውቀው ሁሉ «ዴርቶጋዳ» በተባለው የስለላ ልብ ወለድ ላይ ያነበበውን ነው። ሰላዮቹንም ጭምር እውነት ብሎ ይዟል።

የዘጌው ተጓዥ፦ እኔን ግን ጣና ያደረሰኝ ልብ ወለድ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንገቴ እስኪያመኝ ቆሜ አየሁ። መጽሐፉን ባላነብ መች እሄድ ነበር?

አንባቢዋ፦ ዲያቆን፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ብዙዎቹን ጀምሬ ትቻለሁ። መነኩሴው ሁሉን ያውቃል። አይጠራጠርም፣ አይደክመውም። ብራናው ሲገለጥ ምስጢሩ ይፈታል፣ አለቀ። ሰው የሌለበት መጽሐፍ ነፍስን ከየት ያመጣል?

የእኔ ሚዛን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህን ወላጆቹ በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጡት። የተሳለው እሱ አይደለም፤ የሚሸከመው ግን እሱ ነው። ሰብለን ሲወድ የሚፈራው አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ አይደለም። ስለቱንም ይፈራል። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላልኝ ነበር። ጃንጥላውን ይዤ የገባሁት በ22 ዓመቴ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ከኋላዬ እልል ትላለች፤ እኔ ዕዳው የእኔ ይሁን የእሷ አላውቅም። ያን ስሜት በስብከት ሰምቼው አላውቅም። በዛብህ ላይ ግን አገኘሁት።

ዲያቆኑ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ እህቴ። ግን የዚያው መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ የሆነውን ጉዱ ካሳን አንብቦ ቤተ ክርስቲያንን የናቀ ስንት አለ?

አንባቢዋ፦ ጉዱ ካሳ የሚነቅፈው እኮ ሰውን በዘርና በማዕረግ የሚያበላልጠውን ልማድ ነው። ያን ብትነቅፍ አንተም አትሳሳትም። ደግሞ መጨረሻውን አስታውስ፤ ሰብለ መንኩሳ ከበዛብህ መቃብር አጠገብ ነው የኖረችው። አንድ እሑድ ያን ምዕራፍ ከልጆቹ ጋር አንብቡትና የሚሉህን ጻፍልን። እኔ እዚያ ስደርስ ዛሬም አለቅሳለሁ።