ራዳሩ ያነበበው የእኔን ፍጥነት ነው ወይስ የጎኔን መኪና?

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ትናንት ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ የራዳሩን መስኮት አሳየኝ፤ 94 ይላል። የእኔ ፍጥነት መለኪያ ግን 70 ላይ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በጎኔ እየቀደመኝ ነበር።

የራዳር ጨረር እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ ሁለት መኪና አንድ ላይ ሊሸፍን ይችላል፤ ትልቁ መኪና ደግሞ ጠንከር ያለ ሞገድ ይመልሳል። በሌዘር ብርሃን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ጨረር ግን ጠባብ ነው። መሣሪያው ከጎን ሲያነጣጥር የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል መከራከሪያ የለኝም።

የጨነቀኝ ማስረጃው ነው። መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ እችላለሁ? ማንን ልጠይቅ? ይህ የደረሰበት ካለ እንዴት እንደተወጣው ይንገረኝ። የምኖረው በመንጃ ፈቃዴ ነው።