ክርክር፦ ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ይዞ የእንግሊዝን ማሳ የሚያስስ ሰው ባለውለታ ነው ወይስ ሌባ?

ሀቅ ብቻ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ስለ ሄርፎርድሻየሩ ወርቅ ሲወራ አንድ ሰው «ልጆቹ ባያወጡት መሬት ውስጥ በስብሶ ይቀር ነበር፤ እስር ሳይሆን ሽልማት ነው የሚገባቸው» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ላይክ አደረገለት። በጣም ነው የተናደድኩት። ላልተከታተለ ባጭሩ ልንገር። በፈረንጆቹ 2015 ሁለት ሰዎች ሜታል ዲቴክተር ይዘው ሌምስተር ከተማ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ከ1,100 ዓመት በፊት የተቀበረ ሀብት አገኙ። የወርቅ አምባር፣ ባለ ስምንት ጎን የወርቅ ቀለበት፣ በወርቅ የታሰረ ድቡልቡል ክሪስታል፣ የብር ጥፍጥፍ፣ ወደ 300 የሚገመት ሳንቲም። ሕጉ በ14 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። እነሱ ደብቀው ቸበቸቡት። በ2019 ፍርድ ቤት ለአንዱ 10 ዓመት፣ ለሌላው 8 ዓመት ተኩል ፈረደባቸው፤ በኋላ በይግባኝ ተቀነሰላቸው። መጀመሪያ የተያዘው ሳንቲም 31 ብቻ ነው። 44 ሳንቲም ሊሸጡ ሲሞክሩ የተያዙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ በ2023 ተፈረደባቸው። ቀሪው እስከ ዛሬ የውሃ ሽታ ሆኗል። ይኼ ነው ሽልማት የሚገባው?

ማንችስተር ሰፈር፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አንድ ሰው» ከምትለኝ በስሜ ብትጠራኝ ይሻል ነበር። ሁለቱ ማሳወቅ ነበረባቸው፤ በዚህ አልከራከርም። አንተ ግን በነሱ ሰበብ ዲቴክተር የያዘውን ሁሉ ልትወነጅል ነው። በ2009 ሀመርዊች መንደር አጠገብ የተገኘውን የስታፎርድሻየር ክምችት ማን አገኘው? ዲቴክተር የያዘ ተራ ሰው ነው። 4 ኪሎ ገደማ ወርቅ፣ ከ4,000 በላይ ቁርጥራጭ። ከአንግሎ ሳክሰን (የመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች) ዘመን ይህን ያህል ወርቅ ባንድ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። ሰውዬው አሳወቀ። 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ተካፈሉ። ወርቁ ዛሬ የበርሚንግሃምና የስቶክ ሙዝየሞች ንብረት ነው። ያ ሰው ባይኖር መሬት ውስጥ በስብሶ ይቀር ነበር። ደግሜ እላለሁ።

ወርቅ ሰሪው፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እሳት ፊት ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወርቅ አይበሰብስም። ሺህ ዓመት ቀብረህ ብታወጣው አፈሩን ታጥብለታለህ፣ አለቀ።

ሀቅ ብቻ፦
ይባረኩ ጋሼ! ይኼው ክርክሩ ተዘጋ። በማይበሰብስ ነገር ላይ «ይበሰብሳል» እያሉ ዘረፋን ጽድቅ ማድረግ አይቻልም።

ማንችስተር ሰፈር፦
አልተዘጋም። ወርቁ ባይበሰብስ ትራክተር ይበጣጥሰዋል። የስታፎርድሻየሩ እቃ ማሳው ላይ ተበትኖ የተገኘው ለምን ይመስልሃል? ማረሻ እያነሳ ስለጎተተው ነው። ብሩና ነሐሱስ? በየዓመቱ ማዳበሪያ የሚረጭበት መሬት ውስጥ ያለ ነሐስ ምን እንደሚሆን ጋሼን ጠይቃቸው። እኔ አንድ ቃል ጻፍኩ፣ እናንተ ቃሉን ይዛችሁ ተንጠለጠላችሁ።

ወርቅ ሰሪው፦
እሱ እውነት ነው። ብር ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። ነሐስ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ማዳበሪያና እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይህን አልክድም።

ሙዝየም ወዳጅ፦
ሁላችሁም ስለ ብረቱ ብቻ ነው የምታወሩት። የሚያሳስበኝ በዙሪያው ያለው ነው። በ2022 ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ ሃርፖል ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት አርኪዮሎጂስቶች ቁፋሮ ሲያደርጉ የአንዲት ሴት መቃብር አገኙ። ከ630 እስከ 670 ባለው ጊዜ የተቀበረች ናት። የአንገት ጌጧ 30 ማንጠልጠያና ዶቃ ነበረው፤ ወርቅ፣ ጋርኔት የሚባል ቀይ ድንጋይ፣ ሌላ የከበረ ድንጋይ፣ የሮም ሳንቲም። ከአካሏ የቀረው የጥርሷ ቁራጭ ብቻ ነው። ከጌጡ ጋር ትልቅ የብር መስቀል ነበረ። ባለሙያዎቹ መስቀሉን ከነአፈሩ አንስተው በኤክስሬይ አዩት። በብር የተሠሩ ትናንሽ ፊቶች አሉበት፣ ዓይናቸው ሰማያዊ መስታወት ነው። አሁን ያንን ቦታ አንድ ዲቴክተር የያዘ ሰው ቀድሞ ደርሶበት ቢሆንስ? ድምፁን ሰምቶ በአካፋ ይቆፍራል፤ ማንጠልጠያዎቹን ኪሱ ይከታል። ጥርሱን አያየውም። መቃብር መሆኑም አይታወቅ፣ የሴት መሆኑም አይታወቅ። ወርቁ ይተርፋል፣ ታሪኳ ይጠፋል። በስብሶ የሚቀረው እሱ ነው።

ማንችስተር ሰፈር፦
«ቢሆንስ» እያልሽ ባልሠሩት ነገር አትክሰሻቸው እህቴ። የሆነውን ንገሪን።

ገለልተኛ፦
የሆነውን እኔ ልናገር። በ2014 ኖርፎክ ውስጥ ዊንፋርዚንግ ላይ አንድ ተማሪ በዲቴክተር ሲፈልግ መቃብር መሆኑ ገባው። መቆፈሩን አቆመ፤ አርኪዮሎጂስቶችን ጠራ። በወርቅና በጋርኔት የተሠራው የአንገት ጌጥ ከነመቃብሩ ተመዘገበ። ጌጡ ብቻ 145,000 ፓውንድ ተገመተ። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ የጋሎዌይ ክምችት ተገኘ። እዚያም አግኚው ባለሙያ ጠራ። አርኪዮሎጂስቶቹ የላይኛውን ብር ካነሱ በኋላ ከሥሩ ሌላ የተደበቀ ንብርብር አገኙ። ክዳን ያለው የብር ዕቃ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወጣ፤ ውስጡ ሐር ነበር። ጨርቁን ብረቱ ነው ያቆየው። እንዲህ ያለ ሰውንና ሌሊት በስርቆት የሚቆፍረውን ባንድ ስም መጥራት ግፍ ነው።

ሀቅ ብቻ፦
እኔ ስለ ሌቦቹ ነው የጻፍኩት። ሌሎቹን ማን ነካቸው?

ማንችስተር ሰፈር፦
ከላይ ወጥተህ የራስህን ጽሑፍ አንብብ። «ዘረፋን ጽድቅ ማድረግ» ያልከው ስለ ስታፎርድሻየሩ ሰው እየተወራ ነው።

ወርቅ ሰሪው፦
እናንተ ተጣሉ፣ እኔ ስለ ሥራው ላውራ። የስታፎርድሻየሩን በርሚንግሃም ሙዝየም ሄጄ አይቻለሁ። እጅግ የሚበዛው የሰይፍ እጀታ ጌጥ ነው። የሴት ጌጥ የለበትም ማለት ይቻላል። ጋርኔቱ በስሱ ተልጦ በጥቃቅን የወርቅ ቤቶች ውስጥ ተሰክቷል። ከሥሩ ደግሞ ስስ የወርቅ ቅጠል አለ። ቅጠሉ ላይ ጥልፍልፍ መስመር በማኅተም ተመትቶበታል። ብርሃኑ ድንጋዩን አልፎ ይገባና ከመስመሮቹ ነጥሮ ይመለሳል፤ ድንጋዩ ከውስጥ እሳት ያለው ይመስላል። ደግሞ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት አንጥረኞቹ ከወርቁ ገጽ ላይ ብሩን አውጥተውት ተገኝተዋል። ውስጡ ቅይጥ ነው፣ ላዩ የጠራ ወርቅ ይመስላል። ይህን የሠሩት በ7ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማጉያ መነጽር ነው። እኔ ፊቱ ቆሜ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሙዝየም ወዳጅ፦
ጋሼ፣ የታጠፈውን መስቀልስ አዩት?

ወርቅ ሰሪው፦
አየሁት። ክንዶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። በሰው እጅ የታጠፈ ነው፣ ማረሻ አይደለም።

እናት ቤት፦
እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። መስቀል አጣጥፎ መቅበር ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አረማውያን የሠሩት መሆን አለበት። በዚያ ዘመን ክምችቱ የተገኘበትን አካባቢ የሚገዛው የመርሲያ መንግሥት ንጉሥ ፔንዳ አረማዊ ነበር፤ ክርስቲያን ነገሥታትን ወግቷል። እዚያው ክምችት ውስጥ እኮ ጥቅስ የተጻፈበት፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ዘንግ አለ። «አቤቱ ተነሣ፣ ጠላቶችህም ይበተኑ» የሚለው፣ ኦሪት ዘኍልቍ ላይ ያለው። ታቦቱ ሲነሣ ሙሴ የሚለው ነው። እሱም ታጥፎ ነው የተገኘው።

ገለልተኛ፦
ፔንዳ ይሁን ሌላ ማንም አላረጋገጠም። ክርስቲያንም ቢሆን እንዲመች አድርጎ ሊያጥፈው ይችላል። ወርቁ ወደ ማቅለጫ የሚሄድ ከሆነ ማን ይጨነቃል? የሰይፉ ጌጥም እኮ ከሰይፉ ላይ በጉጠት ተነቅሎ ነው የተቀበረው።

እናት ቤት፦
ክርስቲያን መስቀል አያጥፍም። በቃ።

ገለልተኛ፦
እህቴ፣ በኛም አገር ጦርነት ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ምን ሲሆን እንደኖረ ታውቂያለሽ።

የአክሱም ልጅ፦
እሱን ካነሣህ ዋናውን አንሣው እንጂ። በ1868 መቅደላ ላይ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዝየም ነው ያለው። በ2018 150ኛ ዓመቱን አስታከው ለዕይታ አቀረቡት፤ ስጡን ሲባሉ በረጅም ጊዜ ውሰት እንነጋገር አሉ። የገዛ አገራቸውን አፈር የነካ 10 ዓመት ይታሰራል፤ የኛን የወሰደ ግን ስሙ በክብር ተጽፏል። እናንተ እዚህ ስለ ሄርፎርድሻየር ሳንቲም ታለቅሳላችሁ።

ሀቅ ብቻ፦
ወንድሜ፣ መቅደላ ላይ አንድም ሰው እዚህ አይቃወምህም። ግን አንዱ ዝርፊያ ሌላውን አያነጻም። እኔ እንዲያውም የመቅደላው ስለሚያመኝ ነው ይኼም የሚያመኝ። የተዘረፈ ቅርስ ምን እንደሚያሳጣ ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ከሄርፎርድሻየሩ ሳንቲም አንዳንዱ ላይ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። የደቡቡ የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ ቼዎልዉልፍ አንድ ዓይነት ምስል በየስማቸው አሠርተዋል። የዌሴክስ ጸሐፊዎች ቼዎልዉልፍን ቫይኪንጎች ያስቀመጡት ሞኝ አሽከር አድርገው ነው የጻፉት። ሳንቲሙ ደግሞ ሸሪኮች ነበሩ ይላል። የሁለት መቶ ሳንቲም ምስክርነት የት እንዳለ አይታወቅም። ይህ አያናድድም?

የአክሱም ልጅ፦
ያናድዳል። እኔን ግን መጀመሪያ የሚያናድደኝ የኔው ነው። ደግሞ ግንኙነት የለም አትበሉ። ሊንከንሻየር ውስጥ ስክረምቢ በተባለ ቦታ የአንግሎ ሳክሰን ሴቶች መቃብር ተቆፍሮ የከረጢት አፍ ማሰሪያ የሆኑ የዝሆን ጥርስ ቀለበቶች ወጥተዋል። ሲመረመሩ የአፍሪካ ዝሆን ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ነው፣ በአክሱም በኩል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ያወቅነው ቀለበቱ ከነሴትየዋ ስለተገኘ ነው። ዲቴክተር ደግሞ የዝሆን ጥርስ አይሰማም።

ማንችስተር ሰፈር፦
የስክረምቢን መቃብር መጀመሪያ ማን እንዳገኘው ንገራቸዋ። በዲቴክተር የሚፈልግ ያካባቢው ሰው ነው። የነሐስ የልብስ መርፌ ጌጥና የጋሻ ብረት አግኝቶ ለባለሙያ አሳወቀ፤ ከዚያ ነው ዩኒቨርሲቲው የቆፈረው። ያንተ የአክሱም ዝሆን ጥርስ የተገኘው በዚያ ሰው ምክንያት ነው።

ሙዝየም ወዳጅ፦
ስላሳወቀ ነዋ! እኔስ ምን አልኩ?

ደብሊን፦
ከአየርላንድ ነኝ። እዚህ ያለ ፈቃድ ዲቴክተር ይዞ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው። ምክንያቱም በ1980 አባትና ልጅ ዴሪናፍላን የሚባል የጥንት ገዳም ላይ በዲቴክተር የብር ጽዋ፣ ጻሕልና ማጥለያ አገኙ። የ8ኛውና የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ በነሐስ ሳህን ተሸፍኖ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1987 ሀብቱ የመንግሥት ነው ተባለ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ሚሊዮኖች ፈርዶላቸው ነበር፤ መጨረሻ ላይ 50,000 ፓውንድ ተሰጣቸው። ጽዋው ዛሬ ብሔራዊ ሙዝየም አለ። ገዳምን የሚያህል ቦታ መሬቱ እንዳይነካ ማድረግ ይሻላል ብለው ወሰኑ። እንግሊዝም እንዲሁ ብታደርግ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ማንችስተር ሰፈር፦
እንግሊዝ ውስጥ በዓመት ከ1,000 በላይ የውድ ሀብት ግኝት ይመዘገባል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከዲቴክተር ሰዎች ነው። ያንን ሁሉ ዘግተህ ምን ታተርፋለህ? ክልከላ ሐቀኛውን ያስቀራል። ሌባው ድሮም ፈቃድ አልጠየቀም፣ ነገም አይጠይቅም።

ደብሊን፦
የምትለው ቁጥር ስንት እንደተመዘገበ ነው። ስንት ቦታ እንደተበላሸ አይነግርህም።

ገለልተኛ፦
ለኔ ትልቁ ችግር ገንዘቡ ነው። ኤዲት ፕሪቲ የምትባል ባለ መሬት የሳተን ሁን የአንግሎ ሳክሰን መቃብር በ1939 በገዛ መሬቷ ላይ አስቆፈረች። ፍርዱ ሀብቱ የሷ ነው አለ። የራስ ቁሩን፣ የወርቅ መታጠቂያውን፣ ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዝየም በነጻ ሰጠች። የክብር ማዕረግ ሲሰጧትም አልቀበልም አለች። እንደዚያ ያለ ሰው አሁን የለም።

ማንችስተር ሰፈር፦
ኤዲት ፕሪቲ ሀብታም ነበረች። ከደሞዙ ዲቴክተር ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ ዝናብ ላይ የሚውልን ሰው በነጻ ስጥ ማለት ቀላል ነው። ስኮትላንድ የጋሎዌይን 1.98 ሚሊዮን ፓውንድ በሙሉ ለአግኚው ሰጠች። ይኼ ነው ፍትሕ።

ወርቅ ሰሪው፦
ባለ መሬቱስ?

ማንችስተር ሰፈር፦
ባለ መሬቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን። ድርሻዬን ብላ አግኚውን ከሰሰችው።

እናት ቤት፦
መሬቱ የሷ አይደል እንዴ? ቢያንስ ግማሹ ይገባታል።

ማንችስተር ሰፈር፦
በስኮትላንድ ሕግ አይገባትም። መሬቱን ሺህ ዓመት ብትይዘው አንድ ቀን ጎንበስ ብላ አልፈለገችም።

እናት ቤት፦
የእንግሊዙ ገበሬስ ፈልጎ ነው ግማሹን የወሰደው? ባለ መሬቱን ባዶ እጁን የምትሸኘው ከሆነ ነገ ማሳው ላይ ማን ያስገባሃል?