አያቴ በቃኘው ሻለቃ ዘምተዋል፤ ታሪካቸውን ከየት ልጀምር?

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። አያቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ከሄደው ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተዋል። እጄ ላይ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ምሽግ ሲቆፍሩ ነው የተነሱት፤ ጀርባው ላይ የሁለት ጓዶቻቸው ስም በእርሳስ ተጽፏል። የእነሱን ልጆች ባገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሜሪላንድ ነዋሪ፦ ቃኘው የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ስር ነው። ስለዚህ የሬጅመንቱን ሪፖርቶች ፈልግ። ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

አዲስ አበቤዋ፦ ወረቀቱ ይቆይ፣ ወንድሜ። አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሂድ። በሕይወት ያሉ አባቶች ጥቂት ናቸው፤ ፎቶውን አሳያቸው፣ ድምፃቸውን ቅዳ።

የዘማች ልጅ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።