የማህፀን በር ጫፍ ምርመራ የት ላድርግ?

ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ምንም አላመመኝም። ግን የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ መመርመር ፈልጌአለሁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይሰጣል።

ችግሩ የሰፈሬ ጤና ጣቢያ ነው። የሠለጠነችው ሲስተር ተዛውራለች፣ ተተኪ የለም። በሄድኩ ቁጥር «ሌላ ቀን ነይ» ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ጫፍ ሴል ወስደው በማይክሮስኮፕ የሚያዩበት) ይሻልሻል አለኝ፤ ዋጋው አይቀመስም! ጤና ጣቢያ የሚሠራው አሴቲክ አሲድ ቀብተው በዓይን የሚያዩበት ነው። ውጤቱ እዚያው ይነገራል፤ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ከተገኘም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ለእኔ ይሄ በቂ ይመስለኛል። ምን ትላላችሁ?

ሌላው የኤችፒቪ (የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ነው። ናሙናውን ሴቷ ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ እሱ ደስ ብሎኛል (ሁለት ልጅ ወልጄም አልጋው ላይ መውጣት ያሳፍረኛል)። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም የምታውቁ አላችሁ? ሪፈር ይጠይቃሉ ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ? ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) አለኝ፤ ችግር አለው እንዴ? ሴት ባለሙያ ያለችበትን ብትጠቁሙኝ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።