ለገሃር አካባቢ ያለ የድሮ ጋራዥ ግቢ፦ ሊሾው ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ ያለ 1,800 ካሬ የድሮ ጋራዥ ግቢ መናፈሻ ሊሆን ነው። ሁለት ሦስተኛው ሊሾ ነው። መኪና ሥር የሚገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ አፈሩ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ከሥር መረሬ ስለሆነ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ሊሾውን በሙሉ አፍርሶ 30 ሳንቲም ቀይ አፈር ማልበስ ይበቃል? ዛፍስ የትኛው ይሻላል?

መልስ 1
30 ሳንቲም ለሣር እንጂ ለዛፍ አይበቃም። ዘይቱም ቀይ አፈር ስለለበሰ አይጠፋም፤ ሥሩ እዚያ ሲደርስ አየር ያጣና ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚጠልቅ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ከየጉድጓዱ ጭብጥ አፈር በጓንት አንሥታችሁ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ከተንሳፈፈ፣ የዚያ ቦታ አፈር ለብቻው ይነሣ። ይህን አፈር ከፍግና ከጭድ ጋር ቀላቅላችሁ ሊሾው ላይ ከምሩት፤ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት፣ ዝናብ እንዳያጥበው በላስቲክ ሸፍኑት። ዘይቱ እስኪበሰብስ ወራት ይፈጃል።

ባትሪ ይሠራበት የነበረ ጥግ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባትሪ የሚወጣው እርሳስ (መርዛማው ብረት) አይሸትም፣ አይበሰብስም፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ይግባ። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ በድሮ ጋዝ ፋብሪካ ግቢ ላይ ተሠርቶ በ1975 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መናፈሻም አፈሩ በተመሳሳይ መንገድ ከታከመ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ንጹሕ አፈር መልበስ አስፈልጎታል። ስለዚህ ሁለቱንም አስቡ፦ ማከምም ማልበስም።

መልስ 2
ሊሾውን በሙሉ ማፍረስ ብር ማባከን ነው። ያልተሰነጠቀው መሄጃና መቀመጫ ይሁን፤ ዛፍ የሚተከልበት ብቻ ይቆረጥ። ፍርስራሹ ለኮብልስቶን መደላድል ይጠቅማል። ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ ግን እንዳይገባ፣ ሲሚንቶው አፈሩን ኖራማ ያደርገዋል።

ውኃው ላይ ቁጥሩን ያዙ፦ ለምሳሌ 600 ካሬ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 30,000 ሊትር ነው። ከመቶ አንድ ተዳፋት ያለው፣ 40 ሳንቲም የሚጠልቅ ሣር የለበሰ ቦይ ወደ ዋናው ማፋሰሻ ይውሰደው። ከግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ መረሬ ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም ይዞት ይንቀሳቀሳል።

መልስ 3
ስለ ዛፉ፦ ወይራ፣ የአበሻ ጽድና ግራር ለአዲስ አበባ ከፍታ ይስማማሉ። ኮሶም ግሩም ነው፣ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን አትትከሉት። ጉድጓዱ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ይሁን። መረሬ በአካፋ ሲቆረጥ ግድግዳው ይለሰልስና ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ ሥሩ የሚበሰብሰው በዚህ ነው። ጎኑን በዶማ አሻክሩት፣ ችግኙንም ከመሬቱ 30 ሳንቲም ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉት። ሰኔ መጨረሻ ይተከል፤ መጀመሪያው በጋ ላይ በሳምንት 20 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል።