ማዋለጃ ክፍል ሬጅስተራችን ስህተት በስህተት ሆነ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው ምታደርጉት?

ሰላም ለሁላችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው ምሰራው። ባለፈው ወር ሎት ኳሊቲ ሲሰራ፣ ያው 12 ዳታ ተመርጦ ሪፖርቱ ከሬጅስተሩ ጋር ሚመሳከረው ማለቴ ነው፣ የኛ ክፍል ወደቀ። ተናድጄ ቁጭ ብዬ የሶስት ወሩን ሬጅስተር አገላበጥኩት። ክብደት ከግማሽ በላይ 3000 ነው፣ የቀረው 2500 ወይ 3500፣ 2870 ሚመዝን ልጅ እኛ ጋ ተወልዶ አያውቅም ማለት ነው። አፕጋር፣ ልጁ እንደተወለደ ሁኔታው ታይቶ ከ10 ሚሰጠው ነጥብ፣ ሁሉም 8 እና 9። የወሊድ ሰዓት ብዙው ባዶ። በዛ ላይ ሰሞኑን አንድ አባት የልደት ማሳወቂያውን ይዞ መጣና ልጄ የተወለደው በ14 ነው እናንተ 13 ብላችኋል አለኝ፣ ሬጅስተሩን ሳይ 13፣ ካርዱን ሳይ 14፣ አፍሬ ዝም አልኩ። ስልጠና ወስደናል፣ ኃላፊያችንም በየስብሰባው ትቆጣለች፣ ለውጥ የለም። እናንተ ጋ የሰራ ነገር ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ኤችአይቲው (የጤና መረጃ ባለሙያው)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሎት ኳሊቲ ማለፍና ትክክል መሆን አንድ አይደለም። እሱ ሚያየው ሪፖርቱና ሬጅስተሩ መገጣጠሙን ነው። በግምት 3000 ተብሎ የተፃፈ ልጅ ሪፖርቱም ላይ እንደዛው ከተቆጠረ ያልፋል እኮ። እኔ ምጠይቅሽ መቼ ነው ምትፅፉት? ወሩ በ20 ይዘጋል አይደል፣ እኛ ጋ በ19 እና በ20 የአስር ቀን ወሊድ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ እጅ ፅሁፍ ሲሞላ አይቻለሁ፣ ያኔ 3000 ባይፃፍ ነው ሚገርመኝ። ምክንያቱን ስናጣራ ሬጅስተሩ እንዳይጠፋ ተብሎ ኃላፊዋ ቢሮ ተቆልፎበት ነው ሚያድረው፣ የሌሊት ተረኛ ከየት አምጥታ ትፃፍ? ማዋለጃው ክፍል አንድ ጠረጴዛ አስገብተን እዛው አኖርነው፣ እስክሪብቶውንም በገመድ አሰርነው (ሳቁ ብትፈልጉ)። ከዛ ወዲህ ቢያንስ ሰዓትና ክብደት ባዶ ሆኖ አያድርም።

የሌሊት ዱቲ፦
ያ ልጅ ሌሊት ነው የተወለደው ብዬ እወራረዳለሁ። በኛ አቆጣጠር ህዝቡ ቀን ሚቀይረው ሲነጋ ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት የወለደችውን እናት ብትጠይቂያት ለ14 አጥቢያ ትልሻለች፣ አንዷ አዋላጅ ይሄን ሰምታ 14 ትፅፋለች፣ ሌላዋ ገና አልነጋም ብላ 13። ሁለቱም ራሳቸውን ትክክል ናቸው ብለው ነው ሚያስቡት። እኛ ተሰብስበን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀኑ አዲስ ነው ብለን ተስማማን፣ ወረቀት ላይ ፅፈን ሰዓቱ ስር ለጠፍነው። ሌላው ደግሞ 8 ሰዓት ብቻ ብሎ መተው ክልክል ነው፣ ቀን 8 ወይ ሌሊት 8 ተብሎ ይፃፋል፣ ምክንያቱም ሪፈር የተባለ ልጅ ስንት ሰዓት ሆነው ተብሎ ሲቆጠር 12 ሰዓት ልዩነት ቀልድ አይደለም።

ሚዛናችሁንም እዩት ባክሽ። ሲጀመር ዜሮ ላይ ነው? ጨርቁ ተቀንሷል? ያልተከፈተ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አስቀምጪበት፣ 2 ኪሎ ከትንሽ ነገር ካላለሽ ሚዛኑ ነው ሚዋሸው።

ተረኛዋ፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ሶስት ምጥ ላይ ያሉ እናቶችን ይዤ ብቻዬን ሳድር ማነው ሚፅፍልኝ? ያንኑ ስም ካርድ ላይ፣ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅፁ) ላይ፣ ሬጅስተር ላይ፣ ማሳወቂያው ላይ፣ ርክክብ ደብተር ላይ እፅፋለሁ፣ እጄ ከጓንት ሳይወጣ። ስለዚህ ቁጣው ይቅር። አንድ ነገር ግን እኔም አምናለሁ፣ ትንሽ ተንፍሶ የሞተን ልጅ ሞቶ ተወለደ ብሎ መፃፍ አለ፣ ለምን ሞተ የሚለውን ስብሰባ ፍራቻ ነው። ከተነፈሰ፣ ልቡ ከመታ፣ እትብቱ ከተርገበገበ በህይወት ተወልዷል፣ አለቀ። ሞቶ የተወለደ ልጅ ሲወጣ ቆዳው የተላላጠ (ቀደም ብሎ ሆድ ውስጥ የሞተ) ይሁን ትኩስ (ገና ቅርብ የሞተ) ይሁን ሳይለዩ መፃፍም እንደዛው ነው፣ ትኩሱ ምጥ ላይ ያመለጠን ነገር ሊኖር ይችላል እያለን ስለሆነ እሱን ደብቀን ማንን ልናድን ነው።

ወሳኝ ኩነት፦
እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፣ ወረቀታችሁ ሚደርሰው ወረዳ ላይ እኔ ጋ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው ሚመዘገበው፣ ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚመጣው ክርስትና ካለፈ ወይ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ሲጠይቀው ነው። ያኔ ማሳወቂያው ላይ የእናት ስም እስከ አባት ብቻ ሆኖ አያት የለውም፣ ወይም መታወቂያዋ ኃይለማርያም ሲል እናንተ ሀይሌ ብላችሁታል። እኔ ከመታወቂያው ካልገጠመ አልመዘግብም፣ ሰውየው ወደናንተ ይመለሳል፣ እናንተ ወደኔ፣ አንዳንዱም ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል። እናት ምጥ ላይ ስሟን ስትጠየቅ ቤት ሚጠሯትን ነው ምትናገረው እኮ፣ ጥፋቷ አይደለም። ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ተረጋግታ ባለችበት ከመታወቂያዋ ላይ ሶስቱንም ስም ገልብጡ። ከመሸኘቷ በፊትም ማሳወቂያውን አንብቡላት፣ ማንበብ ለማትችለውም ጭምር፣ አንድ ደቂቃ ነው።

ጠያቂዋ፦
ልጁ ሌሊት 9 ሰዓት ነው የተወለደው፣ ኪኪኪ በልተሽኛል። የ6 ሰዓቱን ነገር ሰኞ ርክክብ ላይ አነሳዋለሁ። ሬጅስተሩም እኛ ጋ በር ጀርባ ሼልፍ ላይ ነው፣ ጠረጴዛ እንዳስገባ ተፈቅዶልኛል። ተረኛዋ ያልሽው ልክ ነው፣ ያንቺን ሳነብ እኔም እንደዛ የፃፍኩት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ሃይላንዱን አሁን አስቀምጬው መጣሁ፣ ባለ 2 ሊትሩ 2250 አለኝ። በዚህ ሚዛን 2600 ብለን ደህና ነው ብለን የሸኘናቸው ልጆች ስንቱ ከ2500 በታች፣ ማለትም ክብደቱ ያነሰ ሚባል፣ እንደነበር እንጃ። ሚዛኑን ከሌላ ክፍል ተውሼ ቀይሬዋለሁ፣ ያለፈውን ሬጅስተር ግን ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ፣ ያጋጠማችሁ ሰው ካለ ፃፉልኝ።