ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ የቱ ውስጥ ይገባል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ከመጣሁ 8 ወሬ ነው፤ ፓርኪንግ ካሸር ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ 1,350 ዶላር እጄ ይገባል፣ የቤዝመንት ክፍሌ 900 ነው። አሁን ለወንድሜ ባጃጅ ቅድመ ክፍያ 2,500 ላኪ ተብያለሁ። ያለኝ 1,100 ብቻ ነው። 50/30/20 የሚሉትን አከፋፈል ሞከርኩት፤ ለቤተሰብ የሚላከው የቱ ውስጥ እንደሚገባ ግን ግራ ገባኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። 19 ዓመት ኖሬበታለሁና ልንገርሽ። ከታክስ በኋላ ከሚተርፍሽ ግማሹ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፤ 30 በመቶው ለሚያምርሽ ነገር፤ 20 በመቶው ለቁጠባ። ወርሽን በ2 ቼክ፣ በ2,700 አስቢው። ዓመቱ ግን 26 ቼክ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሁለት ቼክ ትርፍ ይመጣልሻል፤ እነሱን እንዳትነኪያቸው። መሥሪያ ቤትሽ ፎር ኦ ዋን ኬ በሚሉት የጡረታ ቁጠባ ላይ የሚጨምርልሽ ካለም አታሳልፊው።

ከዴንቨር፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ጥያቄዋን አልመለሱላትም። እኔ ለእናቴ የምልከውን 150 ከኪራይ እኩል ነው የማየው፣ የመድኃኒቷ ነው። ባለፈው ፋሲካ ደውዬ ድምጿን ስሰማ ሥራ ቦታ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ የሌለኝን 400 ላክሁ። ኪራዬ ዘገየ፣ ቅጣት ከፈልኩ። የእናት መድኃኒትና ባጃጅ አንድ አይደሉም እህቴ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በካሽ ስትልኪ 1 በመቶ ቀረጥ አለ። ከባንክ ሂሳብሽ ወይም በዴቢት ካርድሽ ከሆነ የለም።

ከሲያትል፦
ዕቁብ ግቢ። በወር 500፣ በ10 ሰው፤ ሲደርስሽ 5,000 ነው። ባንክ ያለውን ስልክ በተደወለ ቁጥር ታወጪዋለሽ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ፣ ለአዲስ ሰው ይህን አትምከር። የኛን ዕቁብ አንዱ ዕጣውን ወስዶ ስቴት ቀይሮ ጠፋ፣ 3,500 ቀረብኝ። ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው።

ከሲያትል፦
እኔ 11 ዓመት ጥያለሁ፣ የምሠራበትን መኪና የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዋስ ሳይዝ ያስረከበ ዳኛ ነው ጥፋተኛው።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ዋሱም አብሮት ጠፋ እኮ!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ዛሬም ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን ልበለው?

ከዴንቨር፦
አንሺውና ስለ ኪራዩ ንገሪው። 900 እንደምትከፍዪ አያውቅም ይሆናል።